ባለ ሳጥኑና ባለ ጽሑፉ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

አለቃችን ዶክተሯ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮዋ ሰበሰበችን። ሁላችን ብንደመር ሦስት ነን፤ እኔ፣ ቀጭኑና እትዬ ድምፅ። ደም ባንኩ ውስጥ ለጋሾችን ከመጥራት ሥራ ጋር የምንነካካው እኛ ብቻ ነን። እኔ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፣ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቴ። ቀጭኑ ባልደረባዬ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው፣ በስሙ የሚጠራው የሰዓት ፊርማው ወረቀት ብቻ ነው። እትዬ ድምፅ ደግሞ ለጋሾችን በስልክ ሲጠሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። መልካቸውን የማያውቅ ለጋሽ ሁሉ ድምፃቸውን ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስካሁን የለጋሾቻችንን ስልክና የደም ዓይነት ይዞ «ጊዜዎ ደርሷል፣ ይምጡ» የሚል መልእክት የሚልክልን የውጭ ድርጅት በሐምሌ መጨረሻ አገልግሎቱን ሊዘጋ ነው። ቦርዱም ከእንግዲህ የለጋሽ ስም ከግቢያችን እንዳይወጣ ወስኗል። ስለዚህ ሥራውን በራሱ የሚያቀባብል ሶፍትዌር መርጠን በገዛ ሰርቨራችን ላይ መጫን አለብን። ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ነገ ማንም ተነስቶ የማይዘጋብን። ሆስፒታል ደም ሲጠይቅ የሚስማማውን ለጋሽ ከዝርዝሩ ይመርጣል፣ መልእክት ይልካል፣ «እመጣለሁ» ያለውን ቀጠሮ ያስይዛል፣ ለእትዬ ያሳውቃል።

ከብዙዎቹ ሁለት ቀርተውናል። አንዱ ሥራውን በሳጥን በሳጥን ይስለዋል፤ ሳጥኖቹን በመስመር ማገናኘት ነው፣ አለቀ። ሌላው ሁሉ ነገሩ ጽሑፍ ነው፤ የጻፍሽለትን ያነባል፣ ይሠራል። ቀጭኑ ባለ ሳጥኑን ይወዳል። እኔ ባለ ጽሑፉን።

«እስከ ሐምሌ 15 የመረጣችሁትን ከነምክንያቱ በጽሑፍ» አለች ዶክተሯ። ወደ እኔ ዞራ «ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፣ የመጨረሻው ቃል ያንቺ ነው» አለችኝ።

እኔ እኮ ምክንያቴ ብዙ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ሁለቱንም አሮጌው ሰርቨር ላይ ጫንን። ባለ ሳጥኑ ሜሞሪ ይበላል። ይጻፍልኝ። ክፍላችን ምድር ቤት ስለሆነ ብርሃን የለውም፤ አምፖሉ ደክሟል፣ ይቀየር ብዬ ለጥገና ጻፍኩ። ድካም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ታላቅ እህቴ ደወለች። እሷ ስትደውል ሰላምታው ራሱ ግማሽ ሰዓት ነው፤ የልጆቹን፣ የጎረቤቶቹን፣ የጉልበቷን ነገር ሁሉ ካደረሰችኝ በኋላ ነው የደወለችበትን የምታወጣው።

«ዓይንሽን ታየሽ?»

«ኧረ ሥራው ወጥሮኛል እህቴ። ይሄን ነገር እስከ ሐምሌ መጨረስ አለብኝ።»

«ባለፈውም በመጋቢት መጨረስ አለብኝ ያልሽው ነገር ነበር። ዶክተሩ እኮ ለኔ ጠብታውን ሲያዝልኝ ‘እህት ወንድም ካለሽ ሁሉም ይታዩ፣ በዘር የሚመጣ ነው’ ብሎኛል። አባባን ረሳሽው እንዴ?»

አባባን አልረሳሁትም። ሰዓት ጠጋኝ ነበር። መጨረሻ አካባቢ «የዘንድሮ ሰዓት ሠሪዎች ብሎኑን አሳነሱት» እያለ ያማርር ነበር። እኛም አብረነው እናማርር ነበር። ከዚያ እናቴ ክንዱን ይዛ ሱቅ ታደርሰው ጀመር፤ ሱቁን ይከፍታል፣ ይቀመጣል፣ የሚጠግነው ግን አልነበረም።

እኔ በማነብበት መነጽር ሁሉንም አነባለሁ። ይህን ደብተር ራሱ እየጻፍኩት አይደል?

ራት ላይ አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ። ጠርዝ ላይ ነበር ያስቀመጡት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ቀጭኑ ባለ ሳጥኑን ሊያሳየኝ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። እውነት ለመናገር ጎበዝ ነው፤ ሲያስረዳ አይቸኩልም፣ አያዋርድም። «እስቲ አንቺ ሞክሪው፣ ይቺን ከዚች ጋር አገናኚያት» አለኝ። ጎተትኩ። ሌላ ቦታ ሄዳ ተለጠፈች። ደግሜ ጎተትኩ። አሁንም።

«ይሄ ማውስ አርጅቷል» አልኩት።

«ይሆናል» አለ።

ደግሞስ መስመሩን ግራጫ፣ ጀርባውን ግራጫ አድርጎ የሠራው ሰው ምን ነክቶት ነው? ይህ ራሱ ጉድለት ነው። በሰንጠረዡ ላይ አስገባዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ማውስ። ማን እንዳስቀመጠው ማንም አልተናገረም። አምፖሉም ተቀይሯል። እንዲያውም ሁለት ሆኗል።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ማነጻጸሪያ ሰንጠረዡን ጨረስኩ። ፈቃዱ፦ ባለ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፤ ባለ ሳጥኑ ግን ኮዱ ይታያል እንጂ «ለራስህ ተጠቀም፣ ለሌላ አትሽጥ» የሚል ገደብ አለው። እኛ የምንሸጠው ነገር ባይኖርም ገደብ ገደብ ነው። ሜሞሪ፦ ባለ ጽሑፉ። መጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝ፦ ባለ ጽሑፉ። ትናንት የነበረውን ከዛሬው አስተያይቶ ማን ምን እንደለወጠ ለማየት፦ ባለ ጽሑፉ። ዘጠኝ ረድፍ ጻፍኩ፣ ዘጠኙንም እሱ አሸነፈ። አንዱም ረድፍ ውሸት የለበትም። ደግሜ አነበብኩት፤ አንዱም።

ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ ቀጭኑና እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያወራሉ።

«አንዴ ልቧ ካረፈበት ካረፈበት ነው፣ ምን ይደረግ?» ይላል እሱ።

«የልብ ጉዳይ መሰለህ?» አሉ እትዬ።

ሲያዩኝ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ግትር ናት ብለው ነው የሚያሙኝ። ይበሉ። ሰው ሥራውን ሲያውቅ ግትር ይባላል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 19

እትዬ ድምፅ ምድር ቤት ድረስ ወረዱ። ለጉልበታቸው ያን ደረጃ መውረድ ቀላል አይደለም። «በኔ ሥራ ላይ የሚወሰን ነገር እስቲ መልኩን ልየው» አሉ።

መጀመሪያ የኔን አሳየኋቸው፤ ጽሑፉን በትልቁ አድርጌ። እጃቸውን አጣጥፈው በትሕትና አዩ። ሰው የማያውቀው ቋንቋ ሲነበብለት እንደሚያደርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ ቀጭኑ ባለ ሳጥኑን ከፈተላቸው። ፊታቸው በራ።

«ውይ! ይሄማ የኔ ቀን ነው እኮ! ይቺ ስልክ ከሆስፒታል ስትመጣ ናት። ይቺ መዝገብ ስገልጥ። ይቺ ስደውል።» ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ሄዱና ቆሙ። «እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ቀርቷል።»

«ምን ቀረ እትዬ?» አለ ቀጭኑ።

«የማይጠሩት። እኔ ከመደወሌ በፊት ደብተሬን አያለሁ። ያረገዘች አለች። የታመመ አለ። የሞተ አለ። ቤተሰቡ ‘እባካችሁ ከእንግዲህ በዚህ ስልክ አትደውሉ’ ብሎ ያለቀሰብኝ አለ። ማሽኑ ይሄን ከየት ያውቃል?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለት የኮምፒዩተር ሰዎች ያላየነውን እትዬ በአምስት ደቂቃ አዩት። ቀጭኑ እዚያው አንድ ሳጥን ጨመረላቸው። «በኋላ ራስዎ ማስተካከል ይችላሉ» ሲላቸው እንደ ልጅ ሳቁ።

ይህን በሰንጠረዡ ላይ አሥረኛ ረድፍ አድርጌ መጻፍ ነበረብኝ፦ ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ አንብቦ ሊያርመው ይችላል። ቦታ አልበቃኝም። ሰኞ እጨምረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

አልጨመርኩትም።

መኪናውን የግቢው በር ፋቀው። በቀኝ በኩል። በሩን እስከ መጨረሻው አይከፍቱትም፣ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ጠዋት ባለቤቴ ቁልፉን ከመንጠልጠያው ቀድሞኝ አንስቶ «ዛሬ እኔ ልንዳ፣ በዚያው የማደርሰው ነገር አለኝ» አለኝ። ምን እንደሚያደርስ አልነገረኝም። ትናንትም የሚያደርሰው ነገር ነበረው።

ዓርብ፣ ሰኔ 28

ዶክተሯ ሰንጠረዡን አነበበችው። «ዘጠኝ ለዜሮ?» አለች። «ኳስም ቢሆን ያጠራጥራል።» ሁለቱም በተግባር ይሞከሩ አለች። ረቡዕ፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ በሙከራ ዝርዝር። የሙከራ ዝርዝሩ የኛው የአምስት ሠራተኞች ስልክ ነው።

አደላች እንዳልባል ባለ ሳጥኑን ራሴ እሠራዋለሁ ብያለሁ። ቀጭኑ «ላግዝሽ?» አለኝ። ምን ያግዘኛል?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

መጥፎ ቀን። ዛሬ አልጽፍም። ነገ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

ሳልጽፈው እንቅልፍ የለም።

ትናንት አራት ሰዓት ላይ ባለ ሳጥኑን አስነሳሁት። መልእክቱ «ኦ ኔጌቲቭ ደም ዛሬውኑ ያስፈልጋል፣ እባክዎ ይድረሱ» የሚል ነው። ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ የሙከራ ዝርዝር፣ አንዱ የእውነተኛው። መስመሯን ከሙከራው ጎትቼ ወደ መላኪያው አገናኘኋት። ማገናኘቴን አውቃለሁ። ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ።

ስልኬ ላይ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። የቀጭኑም አልመጣም። ደግሜ ልጫን ስል ላይ ቤት የእትዬ ስልክ ጮኸ። ሌላው ስልክም። ከዚያ መጮኹን አላቆመም።

መልእክቱ ለአንድ መቶ ሰማንያ ሰባት እውነተኛ ለጋሾች ሄዷል።

እስከ ስድስት ሰዓት ግቢው ሞላ። ሰባ ምናምን ሰው። ዝናብ ላይ ቆመው። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የመጣ ሠራተኛ፣ ክፍሏን ትታ የመጣች አስተማሪ፣ ከለገሰ ገና ወሩ የሆነ ሽማግሌ «እስቲ ቢቻል» ብሎ። ማንም አልተቆጣም፤ እሱ ነው የገደለኝ። «ማን ነው የታመመው? ተረፈ?» ነው የሚሉት።

አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ስልክ በእጇ ይዛ ገባች። ስልኩ የባሏ ነው። ካረፈ ሦስት ሳምንቱ። ስሙ እትዬ ደብተር ላይ አለ፤ እኔ የሠራሁት ሙከራ ላይ ግን ያቺን የእትዬን ሳጥን አላስገባሁም፤ ለሙከራ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።

«እሱ ሲጠራ ቀርቶ አያውቅም» አለች። «እኔ ልስጥ ብዬ መጣሁ። የኔ ከሱ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ግን አላውቅም።»

እትዬ አቅፈው ወደ ውስጥ አስገቧት። የዕለቱ ነርስ ለሌላ ሕመምተኛ የሚሆን ደም ቀዳችላት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አንጀቴን በላችው፤ ሄጄ ግን አንድ ቃል አላልኳትም።

ማታ ዶክተሯ ጠራችን። እንዲህ ፊቷ ጠቁሮ አይቻት አላውቅም። «ያንቺ ስህተት ነው ወይስ የመሣሪያው?» አለችኝ።

«የመሣሪያው ነው» አልኩ። «እኔ ከሙከራው ጋር ነው ያገናኘሁት። ራሱ አዛውሮት ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ይህን መሐላ ከልጅነቴ ጀምሮ ስምለው ኖሬአለሁ፤ እንዲሁ አፍ የለመደው ነው። ትናንት ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የቀረ መሰለኝ። ቀጭኑ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 5

ባለ ሳጥኑ ተሰርዟል። ዶክተሯ «እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ደጃፌ አይደርስም» አለች። የፈለግሁት ሆነ ማለት ነው።

ቀጭኑ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎበታል። መሣሪያውን ያመጣው፣ የጫነው፣ እውነተኛውን ዝርዝር ከሙከራው ጎን ያስቀመጠው እሱ ነው ተብሎ። እኔ ስሙን አላነሳሁም። ምንም አላልኩም። ምንም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 8

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ነኝ መቀመጥ ያቃተኝ። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ባለ ሳጥኑ የእያንዳንዱን እርምጃ መዝገብ ይይዛል» አለኝ። «ረቡዕ አራት ሰዓት ከሁለት ላይ በማን ስም ገብቶ ማን ምን እንዳገናኘ አለ። የዚያኑ ዕለት አይቼዋለሁ።»

ፊቴ ጋለ። «እና ለምን ለዶክተሯ አላሳየሃትም?»

«አንቺን መክሰስ አልፈለግኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የፈለግኩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መስመሯን አላየሻትም አይደል?»

«አይቻታለሁ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ወንበሩን መልሶ አዞረ።

እንዲህ በቀላሉ «እሺ» ባይለኝ ምናለ! ቢጮህብኝ እኔም እጮህ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

አምፖሉን የቀየረው እሱ ነው። ማውሱንም። ባለፈው ሳምንት ስክሪኔን በትልቁ የቀየረውም «መጋዘን ተቀምጦ ከሚበላሽ» ብሎ ነበር። ደረጃው ጠርዝ ላይ ቢጫ ማጣበቂያ የለጠፈው ማን ነው? እሱን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ከተለጠፈ ግን ቆይቷል፤ ቆሽሿል።

ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። እንግዲህ እኔ ከማን ነው የደበቅኩት?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 10

ራት ላይ ባለቤቴን «የምታደርሰው ነገር ምንድን ነው ግን?» አልኩት።

ሹካውን አስቀመጠ። «አንቺን» አለ።

ብዙ አላወራንም። ዓርብ ጠዋት ቀጠሮ አስይዞልኛል። ከእህቴ ጋር ሲዶልቱ ነው የከረሙት። እናደዳለሁ ብዬ ስጠብቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 12

የዓይን ክሊኒክ። ጠባብ ጨለማ ክፍል። አንዲት ባለሙያ አገጬን ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ አስደግፋ ግራ ዓይኔን ሸፈነችና በእጄ አንድ ቁልፍ አስያዘችኝ።

«መሐል ያለውን ነጥብ ብቻ እይ። ከዳር ከዳር ትንንሽ መብራቶች ብልጭ ይላሉ። ባየሽ ቁጥር ተጫኚ። አትቸኩይ፣ ፈተና አይደለም።»

ጀመርን። ብልጭ ሲል እጫናለሁ። ብልጭ፣ እጫናለሁ። ከዚያ ቆመ። ጠበቅኩ። መሐሉን ነጥብ እያየሁ ጠበቅኩ። ዝም። መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል፣ ወይም የኛ ሰርቨር እንደሚያደርገው ተንጠልጥሎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ልጅቷ እንዳታፍር ቀስ ብዬ፦

«ይቅርታ፣ ማሽኑ ቆመ መሰለኝ» አልኳት።



«አልቆመም» አለችኝ። «እየሠራ ነው።»

እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። እዚያ ነጭ ጎድጓዳ ውስጥ፣ እኔ ባዶ የመሰለኝ ቦታ ላይ፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ እየበሩ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ግላኮማ ነው። የቀኝ ዓይኔ ከመሐል ወደ ቀኝ፣ ከታችም በኩል፣ ጠቁሯል። ግራው ጀምሮታል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል፣ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ፊት ለፊት ያለው ደህና ስለሆነ ነው ማንበብ የቻልሽው አለኝ። አንጎል ባዶውን ቦታ ራሱ እየሞላ ያታልላል አለ። አንጎሌ ብቻውን አልነበረም፤ እኔም አግዤዋለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያስተዋልሽው?»

«በቅርቡ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ጎኔ ተቀምጧል።

«ሁለት ዓመት» አልኩ።

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። እሱ የጠረጠረው ከክረምቱ ወዲህ ነበር። መኪና ውስጥ ገባን። እጄን አለቀቀም፤ ማርሽ ሲቀይር እንኳ ከኔ እጅ ጋር ነበር የሚቀይረው።

እህቴን ደውዬ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ ጠብታውን እንዴት እንደምጨምር አስተማረችኝ፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሪፖርቱ የሚቀርብበት ቀን። ዶክተሯን ቀጭኑና እትዬም ይኑሩ ብዬ ለመንኳት።

«ረቡዕ ለታ መሣሪያው አላጠፋም» አልኩ። «መስመሯን ከእውነተኛው ዝርዝር ጋር ያገናኘኋት እኔ ነኝ። አላየኋትም። ቀኝ ዓይኔ በቀኝ በኩል ያለውን አያይም። መጫን አልነበረብኝም፣ ስለማላይ ሳይሆን እንደማላይ እያወቅኩ ስለተጫንኩ። ከዚያም ዋሸሁ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው የዋሸሁት። ደብዳቤው የሚገባው ለኔ ነው።»

የሐኪሙን ወረቀት አስቀመጥኩ። ሐኪም አይደለች እንዴ፣ አንድ ጊዜ አየችና ገባት። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«ባለ ጽሑፉን የመረጥሽውስ?»

«እዚያ ላይ ያለውን ሁሉ ማየት ስለምችል ነው። ዘጠኙ ረድፍ እውነት ነው፤ አሥረኛውን ግን አልጻፍኩትም። ባለ ሳጥኑን እትዬ ያነቡታል፤ እኔ የጻፍኩትን ግን ከኔ በቀር የሚያነብ የለም። እኔም ብሆን እስከ መቼ እንደማነብ አላውቅም። ባለ ሳጥኑን ምረጡ።»

ዶክተሯ ወደ ቀጭኑ ዞረች። «አንተ ይህን ታውቅ ነበር?»

«እጠረጥር ነበር» አለ።

«እና ደብዳቤ ተቀብለህ ዝም አልክ?»

«እሷ ራሷ ብትናገረው ይሻላል ብዬ ነው። ትንሽ ደግሞ ተናድጄም ነበር።» ይህን ሲል ጆሮው ቀላ። ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቼ ሲናደድ አላየሁትም ነበር። ያላየሁት ብዙ ነው።

ዶክተሯ አልማረችኝም፣ እንድትምረኝም አልጠበቅኩም። የሱ ደብዳቤ ተነስቶ በኔ ስም ተጽፏል። ከዛሬ ጀምሮ የሥርዓቱ ኃላፊ እሱ ነው። እኔ ብቻዬን እውነተኛው ዝርዝር ላይ ምንም አላስነሳም፤ የኔ ሥራ እሱ ከማስነሳቱ በፊት ሁሉን መመርመር፣ መጠየቅ፣ መጻፍ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የያዝኩትን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያማል። ስጽፈው ራሱ ያማል።

ስንወጣ እትዬ ክንዴን ያዙኝ። «የኔ ልጅ፣ ያቺን ባሏ የሞተባትን ሴት ዛሬ ደውለሽ ታናግሪያታለሽ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ከሳቸው ስልክ፣ ከሳቸው ወንበር ላይ ሆኜ ደወልኩ። ስህተቱ የኔ እንደነበር ነገርኳት።

«ያን ቀን ልብሱን ለሰው ልሰጥ እያጠፍኩ ነበር» አለች። «መልእክቱ ሲመጣ የሆነ ሰው አሁንም የሚፈልገው መሰለኝ። ደግሜ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልፈልግም። ስልኩን ከዝርዝራችሁ አጥፉት።»

አጠፋነው። እሷ ስትሰማ፣ እትዬ ቁጥሩን ጮክ ብለው እያነበቡ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 23

ባለ ሳጥኑ አዲሱ ሰርቨር ላይ ገባ። መጠባበቂያ ቅጂ አውጥተን፣ አጥፍተን፣ መልሰን አስነሳነው። ሁለት ጊዜ። መስመሮቹን ቀጭኑ ደማቅ ብርቱካናማ አደረጋቸው፤ የሙከራውንና የእውነተኛውን ዝርዝር በሁለት የተለያዩ ገጾች ለያይቷቸዋል። እሱ በመጀመሪያ እንዲያ ማድረግ እንደነበረበት ራሱ ተናግሯል።

ጠብታው ያቃጥላል። አልዘለልኩም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 1

የድሮው አገልግሎት ትናንት ተዘጋ። ዛሬ በራሳችን የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሆስፒታሉም ፋታ አልሰጠን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። የወለደች እናት፣ ደም አልቆም ያላት። ኦ ኔጌቲቭ።

ቀጭኑ ቁልፉ ጋ ተቀመጠ፣ እኔ አጠገቡ፣ እትዬ ከኋላችን ደብተራቸውን ይዘው። ዶክተሯ በሩ ላይ።

«ዝርዝሩ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት።

«ከእውነተኛው።»

«የእትዬ ሳጥንስ? አላየሁትም።»

ጣቱን አስቀመጠልኝ። «ይኸው። ከምርጫው ቀጥሎ፣ ከመላኪያው በፊት።»

«ስንት ሰው አስቀረ?»

«አሥራ አንድ።»

እትዬ ከደብተራቸው ቆጠሩ። «አሥራ አንድ ናቸው» አሉ።

«ከለገሱ ሦስት ወር ያልሞላቸውን የሚያወጣው መስመርስ? እሱንም አላየሁትም።»

«ይኸው።»

«እንግዲያው አስነሳው።»

መልእክቱ ለሠላሳ አራት ሰው ሄደ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዘጠኝ «እመጣለሁ» መጣ። አምስት ሰዓት ላይ ደሙ ተጭኖ ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ ለእትዬ ተደወለ፤ እናትየዋ ነቅታለች፣ ውሃ ጠይቃለች። ዶክተሯ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የቀጭኑን ትከሻ፣ ቀጥላ የኔን መታ አድርጋ ወደ ቢሮዋ ወጣች። ከደብዳቤው ወዲህ ነክታኝ አታውቅም ነበር።

ዛሬ ሥራ ላይ «አላየሁትም» ያልኩት አምስት ጊዜ ነው። ቆጥሬዋለሁ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም፤ የት እንዳለ ነገሩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።